መልሱን ከማየት በፊት መወሰን፦ ቼዝን ለማሻሻል የሚረዳ የጥናት መንገድ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በዋርካ ጥላ ሥር ከጓደኞቼ ጋር ለዓመታት ቼዝ ስጫወት፣ በአንድ ከሰዓት አሥርና አሥራ አምስት ፈጣን ጨዋታ እየተጫወትኩ በዚያው ደረጃ መቆየቴ ያሳስበኝ ነበር። ለውጥ ያየሁት የጨዋታውን ብዛት ቀንሼ አንድ ልማድ ከያዝኩ በኋላ ነው፤ ይኸውም የራሴም ይሁን የታላቅ ተጫዋች ጨዋታ ሳጠና፣ ቀጥሎ የሆነውን ከማየቴ በፊት የራሴን ውሳኔ ከነምክንያቱ በደብተር መጻፍ ነው። ከዚህ በታች የምገልጻቸው የጥናት ዓይነቶች ሁሉ በዚህ ልማድ ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ደብተርና በቀን አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው። ሰሌዳው እውነተኛ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሐይቅ ዳር የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ቀላል ፕላስቲክ ስለሚጥል ከበድ ያለ ጠጠር ይፈልጉ።

ስለ ጨዋታው አጀማመር ለማሰብ የአገራችንን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ማስታወስ ይጠቅማል። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ወረራ የሚባል ጊዜ አለ፤ በወረራ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ሠራዊቱን ያሰልፋል። በዘመናዊው ቼዝ ይህ ነጻነት የለም። እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ሙሉ ተራ ያስከፍላል፤ ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት አንዱን ፈረስ ሁለት ጊዜ ያንቀሳቀሰ ወይም በዳር ወታደሮች የተጠመደ ሰው፣ ተቃራኒው በሰላም ወረራ እንዲያካሂድ የፈቀደለት ያህል ነው። መሐሉን በወታደር መያዝ፣ ፈረሶችንና ቢሾፖችን ቶሎ ማውጣት፣ ንጉሡንም በካስሊንግ (ንጉሡና በዳር ያለው ሩክ በአንድ ተራ አብረው በሚንቀሳቀሱበት እርምጃ) ማስጠለል የሚመከረው ለዚህ ነው። እነዚህን ልማዶች የያዘ ጀማሪ ረጅም የመክፈቻ እርምጃዎችን በቃሉ ማጥናት አያስፈልገውም፤ በነጭ አንድ፣ በጥቁር ሁለት መክፈቻ ይበቃዋል።

የተራን ዋጋ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ጨዋታ፣ አሜሪካዊው ፖል ሞርፊ እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ በሚገኝ የኦፔራ ቤት ውስጥ፣ እየተመካከሩ ከተጫወቱት የብሩንስዊክ መስፍንና ካውንት ኢዙዋር ጋር ያደረገው ነው። ጨዋታው 17 እርምጃ ብቻ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጥናት የሚስማማ ሲሆን፣ በኢንተርኔት ላይም በቀላሉ ይገኛል። አጠናኑ እንዲህ ነው፦ ነጭን ይያዙ፣ ቀጣዩን እርምጃ በወረቀት ይሸፍኑ፣ የራስዎን ምርጫና ምክንያቱን ይጻፉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይግለጡ። ስምንተኛው እርምጃ ላይ ሲደርሱ ረጅም ጊዜ ይቆዩ። የነጭ ንግሥት ቢ3 ላይ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል) ሆና ቢ7 ላይ ያለውን ወታደር መብላት ትችላለች፤ አብዛኞቻችን እንበላዋለን። በእርግጥም መብላቱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጥቁር ቢ4 ላይ በንግሥቱ ቼክ ብሎ፣ ማለትም ንጉሡን አስግቶ፣ ንግሥቶቹን ሊያለዋውጥ ይችላል፣ ጥቃቱም ይበርዳል። ሞርፊ ወታደሩን ትቶ ሁለተኛውን ፈረስ አወጣ። በአሥረኛው እርምጃ ፈረስ ሠዋ፤ በአሥራ ሁለተኛው በንግሥት በኩል ካስሊንግ ሲያደርግ በአንድ ተራ ንጉሡም ተጠለለ፣ ሩኩም በዲ መስመር ላይ ተሰለፈ። በ16ኛው ንግሥቱን ቢ8 ላይ ሰጥቶ፣ በ17ኛው በሩክ ዲ8 ላይ ቼክሜት አደረገ። በዚያች ቅጽበት የጥቁር የንጉሥ በኩል ቢሾፕና ሩክ ከመነሻ ቤታቸው ንቅንቅ አላሉም ነበር። የሠዋቸው ጠጠሮች ሁሉ የተገዙት በእነዚያ ባልተንቀሳቀሱ ጠጠሮች ነው ለማለት ይቻላል፤ ደብተርዎ ላይ መጻፍ ያለብዎትም ይህን የመሰለ ምክንያት እንጂ የእርምጃዎቹን ዝርዝር አይደለም።

ይሁን እንጂ በጀማሪዎች መካከል የሚደረጉ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰኑት በጥልቅ ስልት ሳይሆን ጠባቂ በሌለው ጠጠር ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ተቃራኒዎ ሊሰጥ የሚችለውን ቼክ፣ ሊበላ የሚችለውን ጠጠርና ሊያሰጋ የሚችለውን ነገር በዚሁ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። ለዚህ ዓይንን የሚያሠለጥኑ እንቆቅልሾች እንደ ሊቼስ ባሉ ነጻ ድረ ገጾች ላይ በብዛት አሉ። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ነገር ግን የተቃራኒውን የተሻለ መልስ ጭምር እስከ መጨረሻው ሳያዩ ጣትዎ ስልኩን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ሞክሮ መሳትና እንደገና መሞከር በእንቆቅልሽ ላይ ምንም አያስከፍልም፤ በጨዋታ ላይ ግን ያስከፍላል፣ ልማዱም አብሮን ይሄዳል። በደብተር መወሰንን የሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ በይፋዊ ውድድር ላይ እርምጃን ከመንቀሳቀስ በፊት መጻፍ በሕጉ የተከለከለ ስለሆነ ይህ የጥናት እንጂ የውድድር ልማድ አይደለም።

ብዙ ሰው ችላ የሚለው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል የጨዋታው መዝጊያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ ጥናት ከመዝጊያ እንዲጀመር ይመክር ነበር፤ ምክንያቱም ጥቂት ጠጠር ሲቀር የእያንዳንዱ ኃይል ጎልቶ ይታያል። የመጀመሪያውን ትምህርት እንዲህ ይዘርጉ፦ ነጭ ንጉሥ ኢ5፣ ነጭ ወታደር ኢ4፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ7። ሁለቱ ንጉሦች በመካከላቸው አንድ ቤት ብቻ ትተው ተፋጠዋል፤ እዚህ ላይ ተራው የደረሰው ወገን ይጎዳል፣ መንገድ መልቀቅ ግድ ይሆንበታልና። ተራው የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል፤ የነጭ ከሆነ ግን በትክክል የተከላከለ ጥቁር አቻ ይወጣል። ከጓደኛዎ ጋር ወገን እየተቀያየሩ፣ ሁለታችሁም ያለ ማመንታት እስክትጫወቱት ድረስ ደጋግሙት። ቀጥሎም ሁሉን ነገር አንድ ደረጃ ወደ ፊት ገፍተው ነጭ ንጉሥ ኢ6፣ ወታደሩ ኢ5፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ8 ላይ ያስቀምጡና አሁን ተራው የማንም ቢሆን ነጭ ለምን እንደሚያሸንፍ ራስዎ ይፈልጉ።

ይህን ያወቀ ሰው ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1924 ኒው ዮርክ ላይ ከታርታኮወር ጋር ያደረገውን የሩክ መዝጊያ ለማድነቅ ዝግጁ ነው። ካፓብላንካ ሁለት ወታደሮቹን፣ ያውም በቼክ እንዲበሉበት ፈቅዶ፣ ንጉሡን በኤች4ና በጂ5 በኩል እስከ ኤፍ6 አደረሰ። ኤፍ5 ላይ የነበረውን የጥቁር ወታደር መብላት ሲችል ሳይበላው ማለፉ በተለይ ልብ ይባል፤ ያ የጠላት ወታደር ከኋላ ለሚመጣው የሩክ ቼክ መከለያ ሆነለት። እኔ ይህን ጨዋታ በመጀመሪያ ሳጠናው ወታደሩን እበላለሁ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ገጹን ስገልጥ የተሰማኝን መደነቅ አልረሳውም። በመዝጊያ ላይ ንጉሥ የሚሸሸግ ሳይሆን የሚዋጋ ጠጠር መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

የራስዎን ጨዋታዎች በተመለከተ፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ያለው ጨዋታ ይጫወቱና ይመዝግቡት። በማግሥቱ ያለ ኮምፒውተር ገምግመው፣ የጨዋታው አቅጣጫ የተለወጠባቸውን ሦስት ቦታዎች ይምረጡ። በእያንዳንዱ ቦታ አደጋውን ጨርሶ አላዩት እንደሆነ፣ አይተው በስሕተት ገምተውት እንደሆነ፣ ወይስ ቸኩለው እንደሆነ ለይተው ይጻፉ፤ ላላየ ሰው እንቆቅልሽ፣ በስሕተት ለገመተ ሰው የታላላቆች ጨዋታ፣ ለቸኮለ ሰው ደግሞ የሰዓት አጠቃቀም ልምምድ ያስፈልገዋልና። እንደ ስቶክፊሽ ያለውን የቼዝ መተንተኛ ፕሮግራም የሚከፍቱት ከዚህ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ የተሻለውን እርምጃ ያሳያል፤ እርስዎ ያን እርምጃ ለምን እንዳላሰቡት ግን ሊነግርዎ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሚኻይል ቦትቪኒክ የራስን ጨዋታ በጽሑፍ መተንተንን አጥብቆ የሚመክር ሰው ነበር።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጥዎ። ሪቻርድ ሬቲ እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣው ጥያቄ አራት ጠጠር ብቻ አለው፦ ነጭ ንጉሥ ኤች8፣ ነጭ ወታደር ሲ6፣ ጥቁር ንጉሥ ኤ6፣ ጥቁር ወታደር ኤች5። የጥቁሩ ወታደር ከነጩ ንጉሥ በጣም ርቆ የሄደ፣ የነጩም ወታደር የማይተርፍ ይመስላል፤ ተራው ግን የነጭ ነው፣ ነጭም አቻ ይወጣል። ጠጠሮቹን ዘርግተው፣ ስልክዎን አርቀው፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የነጭ እርምጃዎች በደብተርዎ ይጻፉ።