«ምንም አያመኝም» ያለችንን ልጅ ስናክም የምንሳሳተው

ደሴ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ ደጋግሞ የሚያበሽቀኝ ነገር አለ። በጣም የከሳች ልጅ ትመጣለች። አዲሱ ባለሙያ «ያምሻል?» ይላታል። «ኧረ ምንም!» ትለዋለች። ካርዷ ላይ «ደህና ናት» ተብሎ ይጻፍና ትሸኛለች።

ኧረ በፈጠራችሁ! አኖሬክሲያ (ውፍረትን ፈርቶ ራስን የማስራብ ሕመም) ወይም ቡሊሚያ (አብዝቶ በልቶ ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ የማስመለስ ሕመም) ያለባቸው ሰዎች የሕመም ስሜታቸው ብዙ ጊዜ ይደነዝዛል። ቆዳ ላይ ሙቀት ቀስ በቀስ እየጨመሩ በተደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ «አመመኝ» የሚሉት ከሌላው ሰው ዘግይተው ነው። ስለዚህ «አያመኝም» ማለቷ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን ጤነኛ ናት ማለትም አይደለም።

እኔም ተሳስቻለሁ። ከኮምቦልቻ የመጣች የ19 ዓመት ልጅ የእግሯ ጀርባ አብጦ ነበር። ስጫነው ፊቷ አልተለወጠም። «ዳገት ስወጣ ነው ሲስተር፣ ይተወኛል» አለችኝ። የደሴን ዳገት ስለማውቀው አመንኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራጅ ስትነሳ አጥንቷ ተሰንጥቋል፤ ያን ሁሉ ቀን ስትሄድበት ከርማለች። የወር አበባዋ ከቀረ ቆይቶ ኖሯል፣ አጥንቷም ሳስቷል። እኔ ግን አልጠየቅኳትም። አሁን ፊት አይቼ አልፈርድም። ጫማና ካልሲ አስወልቄ ግራና ቀኙን አስተያያለሁ።

የምታስመልስ ከሆነ ደግሞ በደሟ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ሳያዩ መሸኘት አይሆንም። ፖታሲየም ወርዶ የልብ ምት ሲዛባ ደረት ላይ ምንም ላይሰማት ይችላል።

«ጾም ላይ ናት» ብሎ ማለፍም አለ። ወሎ ውስጥ ረመዳኑም ሁዳዴውም ቤታችን ነው፤ ጥያቄው ማፍጠሪያ ላይ ወይም ጾሙ ሲፈታ ትበላለች ወይ የሚለው ነው።

እናቶች፣ እንዲህ ያለች ልጃችሁን እጇ ስለሚበርዳት ከሰል ምድጃ አጠገብ ብቻዋን አትተዉአት። በሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስም ጨርቅ ሳትጠቀልሉ አትስጧት። መዳፏ እስኪላጥ ይዛው የቆየች ልጅ አይቻለሁ።

የመጨረሻው የሚያሳዝነኝ ነው። ምግብ ስትጀምር «ሆዴን ነፋኝ፣ አመመኝ» ትላለች። ያኔ «ላለመብላት ነው» ይሏታል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሆድ ምግብ ቶሎ አያወርድም፣ እውነት ያማታል። «አያመኝም» ስትል ያመናት ሰው አሁን ለምን እንደሚጠራጠራት አይገባኝም። እኔ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ እንድታሳየኝ እጠይቃታለሁ።