አዲስ የካፕሽን ፕሮጀክት ሲከፍቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካፕሽን፣ ማለትም በቪዲዮ ላይ ንግግሩን በጽሑፍ የማሳየት ሥራ ሲባል ሁላችንም የምናስበው መስማቱንና መጻፉን ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሲከፈት የሚመጣውን የመጀመሪያ መስኮት ብዙዎቻችን ሳናነበው እናልፈዋለን። ችግሩ እዚያ የተሳሳተ ነገር ወዲያው አለመታየቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደህና ይመስላሉ፤ ጉዱ የሚወጣው ጽሑፉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መስማት ለተሳነው ተመልካች ደግሞ ሌላ መጠባበቂያ የለውም። ካፕሽኑ 3 ሰከንድ ከዘገየ ማን ምን እንዳለ ይምታታበታል።

ኤዲቲንጉ ባላለቀ ቪዲዮ መጀመር

ፕሮጀክቱን ከመክፈትዎ በፊት ኤዲተሩን “ከዚህ በኋላ የሚቆረጥ ወይም የሚጨመር አለ?” ብለው ይጠይቁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የ4 ሰከንድ ትዕይንት ቢወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ካፕሽን በሙሉ 4 ሰከንድ ይዘገያል። የተቆረጠው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የቀረውን በአንድነት መርጦ ማስተካከል አይከብድም። እዚህም እዚያም ከተነካካ ግን እያንዳንዱን መስመር እንደገና ማየት ግድ ይሆናል። ቀለሙና የድምፁ መጠን ቢቀየር ምንም አይደለም፣ ርዝመቱ ብቻ አይነካ።

ፍሬም ሬቱን በግምት መሙላት

ከሁሉም በላይ ጣጣ የሚያመጣው ይሄኛው ነው። ፍሬም ሬት ማለት ቪዲዮው በሰከንድ የሚያሳየው የነጠላ ምስሎች (ፍሬሞች) ብዛት ነው። ቪዲዮዎች በአብዛኛው በሰከንድ 23.976፣ 24፣ 25፣ 29.97 ወይም 30 ፍሬም ይይዛሉ። ሶፍትዌሩ ካለፈው ሥራ የቀረውን ቁጥር ይዞ ሊከፈት ስለሚችል፣ የሚያዩት ቁጥር የቪዲዮዎ ነው ብለው አይመኑ። ሚዲያኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ ትክክለኛውን ይነግርዎታል።

ጉዳቱ እንደሚያወጡት የፋይል ዓይነት ይለያያል። ማይክሮዲቪዲ የሚባለው የካፕሽን ፋይል ጊዜን የሚመዘግበው በተከታታይ የፍሬም ቁጥር ብቻ ነው። በ23.976 የተቆጠረው እንደ 25 ከተነበበ ካፕሽኑ እየቀደመ ይሄድና በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ 2 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ኤስአርቲ የሚባለው ሌላው የፋይል ዓይነት ጊዜን በሚሊሰከንድ ስለሚይዝ ከዚህ ይድናል። ያም ሆኖ ሶፍትዌሩ የካፕሽኑን መነሻና መድረሻ የሚያስተካክለው በተሳሳተ የፍሬም ልክ ስለሆነ፣ ትዕይንቱ ከተቀየረ በኋላ ጽሑፉ ለአንድ ፍሬም ያህል ብልጭ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ይህች ብልጭታ ትንሽ ብትመስልም ዓይን ትረብሻለች።

29.97 ሲሆን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ታይምኮዱ (በሰዓት፣ በደቂቃ፣ በሰከንድና በፍሬም የሚቆጠረው የቪዲዮው ሰዓት) ድሮፕ ፍሬም የሚባለው አቆጣጠር ነው ወይስ አይደለም? ፍጥነቱ ከ30 በጥቂቱ ስለሚያንስ፣ ቆጠራው ከእውነተኛው ሰዓት እንዳይርቅ ድሮፕ ፍሬም በየደቂቃው መጀመሪያ ሁለት የፍሬም ቁጥሮችን ይዘልላል፤ በየአሥረኛው ደቂቃ ግን አይዘልም። የሚዘለለው ቁጥሩ ብቻ ነው፣ ከምስሉ የሚጎድል የለም። ቪዲዮው በአንዱ፣ ፕሮጀክቱ በሌላው ከሆነ በሰዓት 3.6 ሰከንድ ይራራቃሉ። በዓይን ለመለየት ከፍሬሙ ቁጥር በፊት ያለውን ምልክት ይመልከቱ፦ ድሮፕ ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ 01:00:00;00 ተብሎ ይጻፋል፣ ሌላው 01:00:00:00 ተብሎ።

በስልክ የተቀረጹና ከኮምፒውተር ስክሪን የተወሰዱ ቪዲዮዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍሬም ሬታቸው ቋሚ አይደለም፣ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። እንዲህ ያለውን ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት ቀይረው ካፕሽኑን በተቀየረው ቅጂ ላይ ይሥሩ፤ ለተመልካች የሚቀርበውም ያው ቅጂ ይሁን።

መነሻ ታይምኮዱን መርሳት

ለቴሌቪዥን የሚዘጋጁ ቪዲዮዎች ብዙውን ጊዜ ከ01:00:00:00 ይጀምራሉ፣ ለኢንተርኔት የሚሆኑት ከዜሮ። ይህ ሲሳሳት ካፕሽኑ ከነጭራሹ ላይታይ ይችላል፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ እየጠበቀ ነውና። ስህተቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ካፕሽን ያወዳድሩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልዩነቱ እኩል ከሆነ መነሻው ነው የተሳተው። እየሰፋ ከሄደ ወደ ፍሬም ሬቱ ይመለሱ። ይህን ሳይለዩ ካፕሽኖቹን አንድ በአንድ እየገፉ ማስተካከል ጊዜን በከንቱ መጨረስ ነው።

ለላቲን ፊደል የተሠራውን የመስመር ልክ እንዳለ መቀበል

ብዙ ሶፍትዌሮች በአንድ መስመር 42 ፊደል ገደማ ይፈቅዳሉ። ይህ ልክ የተሰላው ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ለሚጻፉበት ፊደል ነው። በግዕዝ ፊደል አንድ ፊደል ሁለቱንም ስለሚይዝ፣ 42 ፊደል አማርኛ ብዙ ሐሳብ ይጭናል፤ ፊደሎቹም ሰፋፊ ስለሆኑ በስልክ ስክሪን ላይ መስመሩ ሊሰበር ወይም ከጠርዝ ሊወጣ ይችላል። በሰከንድ የሚነበበው የፊደል ብዛትም እንዲሁ ያታልላል፦ ሶፍትዌሩ ልኩን አላለፈም ብሎ አረንጓዴ ያሳየው ካፕሽን ለአማርኛ አንባቢ እጅግ ፈጣን ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለቱንም ቁጥሮች ዝቅ አድርጎ መጀመርን እመርጣለሁ። ከዚያ በእውነተኛ ስልክ ላይ ሳይጣደፉ አንብበው ያስተካክሏቸው።

የሚወጣውን ፋይል ዓይነት ለመጨረሻ ማቆየት

ቪዲዮው የሚታይበት ቦታ ምን ዓይነት ፋይል እንደሚቀበል አስቀድመው ይጠይቁ። ለምሳሌ ሲኢኤ-608 የሚባለው የቆየ የቴሌቪዥን ካፕሽን በመስመር ከ32 ፊደል በላይ አይይዝም፣ የግዕዝ ፊደልም ጭራሽ የለውም። ለዚያ ብለው የጻፉት አማርኛ መውጫ የለውም። ለኢንተርኔት ኤስአርቲ ወይም ዌብቪቲቲ ይበቃል፤ ሁለቱም ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ የግዕዝ ፊደልንም በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ ይቀመጡ። የቋንቋው መለያም አማርኛ መሆኑን ይዩ፣ አለዚያ ተመልካቹ ምርጫው ውስጥ እንግሊዝኛ የሚል ስም ሊያገኝ ይችላል።

ፋይሉ ሲከፈት ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። በየፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን ፋይሉ ሲቀመጥ ፊደሎቹ ጠፍተዋል ማለት ነው፤ ከዚያ ፋይል አይመለሱም። ለዚህ ነው የፕሮጀክቱን ፋይል ራሱን ማኖር የሚያስፈልገው። እሱ ደግሞ ቪዲዮውን በውስጡ አይዝም፣ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ሁለቱን በአንድ ፎልደር ያኑሯቸው፣ መሃል ላይ ስማቸውን አይቀይሩ።

ሳይሞክሩ መግባት

መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ካፕሽን ብቻ ያስገቡ፦ አንድ መጀመሪያው ላይ፣ አንድ መሃሉ ላይ፣ አንድ የመጨረሻው ደቂቃ ላይ። እያንዳንዱ አንድ ሰው መናገር በሚጀምርበት ቅጽበት ይነሳ። ፋይሉን አውጥተው ቪዲዮው በሚታይበት መሣሪያ ላይ ይክፈቱት፤ የካፕሽን ሶፍትዌሩ የራሱን ስህተት በራሱ መስኮት ላይ አያሳይምና። ሦስቱም ከአፍ እንቅስቃሴው እኩል ከተነሱና ፊደሉ ካልተበላሸ፣ መጻፍ ይጀምሩ።