የባሕር ውስጥ የጋዝ ቧንቧ ፍሰት ሲሰላ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከኖርዌይ ኒሃምና ተነሥቶ እንግሊዝ ኢዚንግተን የሚደርሰው የላንገሌድ ቧንቧ 1,166 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በእንዲህ ያለ ርቀት ግፊት፣ ፍሰትና ሙቀት የሚለኩት በጫፎቹና በጥቂት ነጥቦች ብቻ ስለሆነ፣ በመካከል ያለውን ሁኔታ የምናውቀው በሂሳብ ሞዴል ነው፤ ሞዴሉ ቢሳሳትም ስህተቱን ቶሎ የሚያጋልጥ መለኪያ የለም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ ስሌቱ ከተለካው ጋር አልገጥም ባለ ቁጥር የቧንቧውን የውስጥ ግድግዳ ሻካራነት እየቀያየሩ ማስማማት ነው። ግፊቶቹ ሳይለወጡ የዲያሜትር የ1 በመቶ ስህተት በፍሰቱ ላይ 2.5 በመቶ ያህል ስህተት ሲያስከትል፣ ተመሳሳይ የሰበቃ ኮፊሸንት (በግድግዳው ሻካራነት ላይ የሚመረኮዝ፣ ፍሰቱን የሚገታው ሰበቃ መጠን) ስህተት የሚያስከትለው ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ የዲያሜትር ስህተትን በሻካራነት ለመሸፈን ሰበቃውን አብዝቶ ማዛባት ያስፈልጋል። ውስጡ በተቀባ ለስላሳ ቧንቧ ደግሞ የሻካራነት ተጽዕኖ ከፍሰቱ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ፍሰት የገጠመው በሌላው አይገጥምም።

ጋዙን እንደ ሃሳባዊ ጋዝ (ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንደማይሳሳቡ ተደርጎ እንደሚታሰብ ጋዝ) መቁጠርም ስሌቱን ያዛባል። በ150 ባርና በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እውነተኛው እፍጋት ከሃሳባዊው ከ20 በመቶ በላይ ስለሚበልጥ፣ እንደ ገርግ-2008 (GERG-2008) ያለ የእውነተኛ የተፈጥሮ ጋዝን እፍጋት የሚያሰላ ቀመር ከትክክለኛ የጋዝ ቅንብር ጋር መጠቀም ይገባል።

ሦስተኛው፣ የጋዙ ሙቀት ከባሕሩ ጋር እኩል ነው ብሎ መነሣት ነው። ጋዙ ከመጭመቂያው ሞቆ ይወጣል፤ ወደ መውጫው ሲቃረብ ግን ግፊቱ በፍጥነት ስለሚወርድ በመስፋፋቱ ይቀዘቅዛል፣ ከባሕሩም በታች ሊወርድ ይችላል። የተቀበረው ክፍልና በውሃ የተከበበው ክፍል ሙቀት የሚለዋወጡበት ፍጥነትም አንድ አይደለም፤ አፈሩ ሙቀት ያከማቻልና።

ሞዴሉ በቧንቧው ርዝመት የሚያሰላባቸውን ነጥቦች ማራራቅ የጋዙን የቅንብር ለውጥ ያደበዝዛል፤ ይህ ግን ለማረም ቀላል ነው።

የመጨረሻው፣ ፍሰቱ ሳይረጋ እንደ ረጋ አድርጎ ማስላት ነው። የግፊት ሞገድ በሰከንድ ወደ 400 ሜትር ቢጓዝ እንኳ ላንገሌድን ለማቋረጥ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ቧንቧው እስኪረጋ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ያልፋል። በዚህ መሃል የተወሰደ ልኬት ለሞዴሉ ማስተካከያ ከዋለ፣ በቧንቧው ውስጥ እየተጠራቀመ ያለው ጋዝ እንደ ሰበቃ ይቆጠርና ሻካራነቱ እንደገና ይዛባል፤ ስለዚህ ለማስተካከያ የሚመረጠው ልኬት የመግቢያውና የመውጫው ፍሰት ለረጅም ሰዓት እኩል ሆኖ የቆየበት መሆን አለበት።