የሚጥል በሽታ ሲነሳ ክብሪቱን ትተን ሰዓት እንያዝ
በባቲ የሰኞ ገበያም ሆነ በደሴ መናኸሪያ አንድ ሰው በድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ ብዙዎቻችን ቀድመን የምንፈልገው ክብሪት ነው፤ ነገር ግን የክብሪት ጭስ ማሽተት መንቀጥቀጡን አያቆምም፣ ይልቁንም ሊያቃጥለውና ትንፋሹን ሊያውክ ይችላል። ሰዓት ይመልከቱ፣ ከእሳትና ከድንጋይ ያርቁት፣ ጋቢ አጣጥፈው ከራሱ ሥር ያድርጉለት፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ ያስተኙት፤ በአፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አያስገቡ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከተደገመ ወይም የታመመችው ነፍሰ ጡር ከሆነች ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ አይጥልም። ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ የሚቀር፣ ሲጠሩት የማይሰማና ወዲያው ወደ ትምህርቱ የሚመለስ ልጅ ዝንጉ ተብሎ ከመገሠጹ በፊት ሊመረመር ይገባዋል። በአንጻሩ ራሱን ሳይስት፣ እጁ ባረፈበት የሚንቀጠቀጥና እንቅስቃሴው እየዘገየ የመጣ አዛውንት ምናልባት ፓርኪንሰን የተባለ የአንጎል በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታው ሲነሳ ሐኪሙ በቦታው ስለማይኖር፣ ከቤተሰቡ አንዱ በስልክ ቪዲዮ ቢቀርጽ ለምርመራው እጅግ ይጠቅማል። ጠበል የሚጠመቅም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው (ሁለቱም በወሎ የተከበሩ ናቸው) መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ፤ በድንገት ማቋረጥ የከፋ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላልና።