እየፈጠረ የሚጫወት የሮክ ባንድ የመጀመሪያ ዓመታቱን በምን ይጀምር?

መድረክ ላይ እየፈጠረ ለመጫወት የተነሣ የሮክ ባንድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጣት ቅልጥፍና ይልቅ ጆሮውን ማሠልጠን አለበት። አባላት ሲመረጡም መሣሪያውን ለረጅም ጊዜ ከተጫወተው ይልቅ ሌላውን እያዳመጠ የሚጫወተውን ማስቀደም ያዋጣል። ፊል ሌሽ እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ ወደ ዋርሎክስ፣ ማለትም ኋላ ግሬትፉል ዴድ ወደተባለው ባንድ ሲገባ ቤዝ ጊታር ተጫውቶ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ትራምፔት ተጫዋችና የዘመናዊ ክላሲካል ሙዚቃ ተማሪ ስለነበር፣ ቤዙ ኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ ከመደገፍ አልፎ ከጊታሩ ጋር የሚመላለስ ሁለተኛ ዜማ እንዲሆን አደረገ።

ለልምምድ ከሁሉ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1983 በቨርሞንት፣ በርሊንግተን የተመሠረተው ፊሽ የተባለው የሮክ ባንድ የተጠቀመበት ዘዴ ነው። አንዱ አባል አጭር የዜማ ሐረግ ጀምሮ ይደጋግማል፤ ሌሎቹ እሱን ሳይቀዱ ክፍት ቦታውን የሚሞላ የየራሳቸውን ሐረግ ይጨምራሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች የሌሎቹ ሐረግ መለዋወጡን ትቶ መርጋቱን በጆሮው ሲያረጋግጥ «ሄይ» ይላል፤ የሁሉም «ሄይ» ከተሰማ በኋላ ብቻ ተረኛው የራሱን ሐረግ ይቀይራል፣ ሌሎቹም እሱን ተከትለው እንደገና ይስተካከላሉ። የራሱን ብቻ የሚሰማ ሰው «ሄይ» የሚልበትን ጊዜ ሊያውቅ ስለማይችል ቶሎ ይጋለጣል። ሶሎ፣ ማለትም ለብቻ ጎልቶ መጫወት፣ የሚባል ነገር ስለሌለበት ጊታሪስቶች ዘዴውን እምብዛም አይወዱትም፤ መሠራት ያለበትም በዋናነት ለእነሱ ሲባል ነው። በአንድ ኮርድና በዝግታ መጀመር፣ የሌላው ድምፅ አልሰማ ሲልም አስቀድሞ የራስን ድምፅ መቀነስ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም አባላት አጥርተው የሚያውቁት አንድ ዘፈን ይመረጥና መሐሉ እየፈጠሩ ለመጫወት ይከፈታል። ባንዱ ከዘፈኑ የሚወጣበት ቦታና ወደ ዘፈኑ የሚመለስበት ምልክት፣ ለምሳሌ ድራመሩ የሚመታው የታወቀ ምት፣ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ መመለሻው የታወቀ እንደሆነ በመካከል ያለው ጉዞ ቢረዝምም አያስፈራም።

እያንዳንዱን ልምምድና ዝግጅት መቅዳት ያስፈልጋል። የግሬትፉል ዴድ የድምፅ ባለሙያ የነበረው ኦውስሊ ስታንሊ ዝግጅቶቹን ይቀዳ የነበረው የራሱን የድምፅ ሥራ መልሶ ለመመርመር ነበር። ሞቅታው ሳይበርድ የተሰማ ቅጂ ሁሉ ጥሩ ስለሚመስል፣ ቅጂውን በማግሥቱ አብሮ ማዳመጥና ሙዚቃው የፈዘዘበትን ደቂቃ መመዝገብ ይሻላል።

መድረክን በተመለከተ፣ በየከተማው ከመዞር በፊት ደጋግሞ የሚያጫውት አንድ የሙዚቃ ቤት መያዝ ይመረጣል። ፊሽ በርሊንግተን ውስጥ ኔክታርስ በተባለው ቤት በተከታታይ ምሽቶች ይጫወት ስለነበር፣ ትናንት የተሞከረውን ዛሬ የመቀየር ዕድል ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ፔጅ ማኮኔል በኪቦርድ ፊሽን እንደተቀላቀለ ሁሉ አዲስ አባል ሲመጣ፣ ነባሮቹ የለመዱትን እንዲያጠና ብቻ ከማድረግ ይልቅ የ«ሄይ»ን ልምምድ እንደገና ከአንድ ኮርድ መጀመርና የመጀመሪያውን ሐረግ ለእሱ መስጠት ይገባል።