በኦስትሪያ መዝገብ ዘር ሲቆጠር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅድመ አያታቸው ከኦስትሪያ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምሩት በስም ነው። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ይጽፋሉ። የሰው መዓት ይመጣል። የሚመስላቸውን መርጠው ከዘር ሐረጋቸው ጋር ይቀጥሉታል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የኦስትሪያ መዝገብ የተቀመጠው በደብር እንጂ በቤተሰብ ስም አይደለም። ደብሩ ካልታወቀ ሰባት ቤት መቁጠር ቀርቶ አንድም ቤት አይቆጠርም።

ስለዚህ ፍለጋው መጀመር ያለበት ሰውየው ሄዶ በኖረበት አገር ነው። የዜግነት ማመልከቻው፣ የጋብቻ መዝገቡ፣ የመቃብር ድንጋዩ፣ አንዱ ላይ የመንደሩ ስም ሊኖር ይችላል። አሜሪካ የገባው ከ1907 በኋላ ከሆነ (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው) የመርከቡ የተሳፋሪዎች ዝርዝር አገር ቤት የቀረ የቅርብ ዘመዱን ስምና አድራሻ ይጠይቅ ነበር። በነገራችን ላይ «ኤሊስ አይላንድ (የኒው ዮርክ የስደተኞች መቀበያ ደሴት) ላይ ስማቸውን ቀየሩባቸው» የሚባለው ተረት ነው። እዚያ የነበሩት ሠራተኞች የሚያመሳክሩት መርከቡ ከአውሮፓ ሲነሳ ከተጻፈው ዝርዝር ጋር ነበር። ስሙን ብዙውን ጊዜ የሚለውጠው ራሱ ባለቤቱ ነው፣ ያውም ከገባ በኋላ።

ሌላው ስህተት ወረቀቱ ላይ «ኦስትሪያ» የሚል ሲያዩ የዛሬዋን ኦስትሪያ ማሰብ ነው። ከ1918 በፊት ኦስትሪያ ሰፊ የንጉሠ ነገሥት ግዛት ነበረች፤ ያኔ ኦስትሪያ ብሎ ያስመዘገበ ሰው የመጣው ከዛሬዋ ፖላንድ፣ ዩክሬን፣ ቼክ፣ ስሎቬንያ ወይም ከሰሜን ጣሊያን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወደ ቪየና ደብዳቤ መጻፍ ዋጋ የለውም። ዛሬ የኦስትሪያ የሆነው የቡርገንላንድ ጉዳይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ሰው ወደ ቺካጎ የሄደበት ይህ ክፍለ አገር እስከ 1921 የሃንጋሪ ነበር። ዛሬ ጉሲንግ የሚባለው ከተማ በድሮው ወረቀት ኔሜትኡይቫር ተብሎ ነው የሚገኘው። ሃንጋሪ በጥቅምት 1895 የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ስለጀመረች፣ ለቡርገንላንድ ሰው ከደብሩ ሌላ የማዘጋጃ ቤት መዝገብም አለ። በተቀረው ኦስትሪያ ግን እስከ 1938 ድረስ ሥራው በዋናነት በየሃይማኖቱ አባቶች እጅ ነበር።

ደብሩ ተገኘ እንበል። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ በ1784 መዝገቡ በሠንጠረዥ እንዲያዝ አዘዘ። የጥምቀቱ ገጽ ቀኑን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የሕፃኑን ስም፣ ሃይማኖቱን፣ ጾታውን፣ በጋብቻ መወለድ አለመወለዱን፣ ወላጆቹንና የክርስትና አባት ወይም እናቱን በየዓምዱ ይዟል። ሰው ወላጆቹን ገልብጦ የቤት ቁጥሩን ይዘለዋል። ይሄ ያስቆጫል። በአንድ መንደር ሁለት ዮሐን ማየር በአንድ ዘመን ልጅ ሲያስጠምቁ፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ያ ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ገበሬው ከቤተሰብ ስሙ ሌላ በእርሻ ቤቱ ስም ይጠራል። ሚስት አግብቶ እርሻው ላይ የገባ ሰውም በዚያው ስም ሊጠራ ይችላል። ሁለት ስም ስላዩ ሁለት ሰው ነው ብለው አይቸኩሉ።

የአባት ዓምድ ባዶ ሲሆን «አለቀ» ብሎ መተውም አለ። በካሪንቲያና በስታይሪያ ክፍለ አገሮች ከጋብቻ ውጪ መወለድ በጣም የተለመደ ነበር፤ መሬት የሌለው የእርሻ ሠራተኛ ማግባት ይቸገር ነበርና። ልጁ የሚመዘገበው በእናቱ ስም ነው። ወላጆቹ ከዓመታት በኋላ ከተጋቡ ቄሱ እዚያው የጥምቀቱ ገጽ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ማስታወሻ ይጨምርበታል። ስለዚህ ዳር ዳሩን ሁሉ ማንበብ ነው።

ጽሕፈቱ ራሱ ወጥመድ አለው። «ኩረንት» የሚባለው የድሮ የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ዛሬ ጀርመንኛ ተናጋሪውንም ያስቸግራል፤ ፊደሉን መጀመሪያ ለብቻ ማጥናት ያዋጣል። በድሮው መዝገብ «ሁበሪን» የሁበር ቤት ሴት ናት፣ ሌላ ቤተሰብ አይደለችም። ወሩ በ7 ቁጥር አጥሮ ከተጻፈና «በር» ከተከተለው መስከረም አካባቢ ያለው ሴፕቴምበር ነው። ጁላይ ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። 8 ኦክቶበር፣ 9 ኖቬምበር፣ በሮማውያን ቁጥር 10 ደግሞ ዲሴምበር ነው።

«ማትሪኩላ» በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የብዙዎቹ ሀገረ ስብከቶች መዝገብ በነፃ ይታያል። የቲሮል ክፍለ አገር ግን የራሱ ድረ ገጽ አለው። የሚታየው የገጹ ፎቶ ስለሆነ፣ በአብዛኛው ስም ጽፎ መፈለግ የለም፤ ገጽ በገጽ መግለጥ ነው። የቅርቡ ዘመን ደግሞ ዝግ ነው፦ ልደት 100፣ ጋብቻ 75፣ ሞት 30 ዓመት ካልሞላው ለሁሉም ሰው አይከፈትም። ለዚያ መዝገቡን ለያዘው ክፍል ደብዳቤ መጻፍ ግድ ነው። ሲጽፉ «የቤተሰቤን ታሪክ ላኩልኝ» አይበሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ደብር፣ አንድ ዓመት ጠይቁ፤ ዝምድናችሁን የሚያሳይ ወረቀትም አያይዙ።