ሐኑካን ከቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ጋር ስናከብር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐኑካ፣ ማለትም በጥንት ዘመን በጣዖት የረከሰው የኢየሩሳሌም መቅደስ ነጽቶ ዳግም የተመረቀበት የስምንት ሌሊት የመብራት በዓል፣ በቀረበ ቁጥር በእስራኤል አገር ባሉ የሰፈር ማዕከላትና ምኩራቦች ለቤተ እስራኤል (ለኢትዮጵያውያን አይሁድ) ወላጆች በአማርኛ የሚመራ የበዓል ምሽት ይዘጋጃል። እነዚህን ምሽቶች ሳዘጋጅና ሳስተረጉም ብዙ ዓመት ስለ ቆየሁ የትኛው ስህተት በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ እስከ መገመት ደርሻለሁ። አብዛኞቹ በቀላሉ የሚታረሙ ናቸው፤ አንዱ ግን ምሽቱን በሙሉ ስለሚያበላሽ ከእሱ እጀምራለሁ።

እሱም ለሽማግሌዎች «እናንተ ኢትዮጵያ ሳላችሁ ሐኑካን አታውቁም ነበር» ብሎ ንግግር መክፈት ነው። ነገሩ ራሱ እውነት ነው፤ በጎንደር፣ በስሜን፣ በወልቃይትና በትግራይ መንደሮች ሐኑካ አይከበርም ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሐኑካ በኦሪት የታዘዘ በዓል አይደለም፤ ስምንት ሌሊት መብራት የማብራት ሥርዓት የተደነገገው በረቢዎች ትምህርት ሲሆን፣ የቤተ እስራኤል ወግ ደግሞ ከዚያ ትምህርት ተለይቶ በኦሪት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ፋሲካን፣ ማዕረርን፣ ብርሃን ሠረቀን፣ አስተስርዮንና በዓለ መጸለትን (የዳስ በዓልን) በጥብቅ ሲጠብቅ ሐኑካን አልጨመረም። በዓሉ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ አገሪቱ የመጣው አውሮፓዊው አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች የጀመረው ትምህርት፣ በኋላም በ1955 ወደ እስራኤል ተልከው በክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር የተማሩት ወጣቶች መምህራን ሆነው መመለሳቸው መንገዱን ከፈቱለት።

የሚያናድደኝ ይህ ታሪክ የሚነገርበት አኳኋን ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው አስተባባሪ ማይክሮፎን ይይዝና፣ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው በሚያውቁ ቄስ (የቤተ እስራኤል ካህን) ፊት ቆሞ፣ ሃይማኖታቸው አንድ ነገር ጎድሎት እንደ ነበረና አሁን በደግነት እንደ ተሞላላቸው አድርጎ ይተርካል። የቤተ እስራኤልን የጾምና የጸሎት በዓል ስግድን በተመለከተ ግን ይህን ጥያቄ ገልብጦ የሚያነሣ ማን አለ? በአይሁድ አቈጣጠር በሕሽዋን ወር በ29ኛው ቀን የሚውለው ስግድ በእስራኤል ምክር ቤት የብሔራዊ በዓልነት ሕግ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ከዚያ በፊት አብዛኛው እስራኤላዊ በዓሉን በወጉ አያውቀውም ነበር። ከፖላንድ ወይም ከሞሮኮ የመጡ አባት ፊት ቆሞ «እርስዎ ስግድን ሳያውቁ እንዴት አይሁዳዊ ሆነው ኖሩ?» ብሎ የጠየቀ አስተባባሪ አይቼ አላውቅም።

ቃሉ ለምን እንደሚያቆስል ለማያውቁ ወጣቶች ጥቂት ልጨምር። የእስራኤል የሴፋራድ ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1973 አረጋግጠው ነበር። ያም ሆኖ በ1980ዎቹ የመጡት ሰዎች አይሁዳዊነታቸው እንዲጸና በሚል ጥምቀት መሰል የውኃ ሥርዓት ተጠየቁ፤ በ1985ም በኢየሩሳሌም በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃውሟቸውን አሰሙ። ያን ጊዜ በዚያ የተቀመጡት ዛሬ በአዳራሻችሁ ወንበር ላይ ያሉት እናቶችና አባቶች ናቸው። «አታውቁም ነበር» ስትሏቸው የሚሰሙት ያንኑ የጥንቱን ጥርጣሬ ነው።

እኔ የምጀምረው በጥያቄ ነው፦ «አባቶቻችን ሃይማኖታችሁን ተዉ የተባሉበት ጊዜ ነበር?» በዚህ ጊዜ አዳራሹ ይነቃል። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ርስት እንዳያገኝ ስለ መከልከሉ የሚተረከው ይነሣል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስለ መጡት ሚሲዮናውያንና እ.ኤ.አ. በ1862 የቤተ እስራኤል መነኩሴ አባ ማሃሪ ሕዝቡን ይዘው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ስለ ተነሡበት ጉዞ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የሶርያው የግሪክ ንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ዓመት መገረዝንና ሰንበት ማክበርን እንደ ከለከለ፣ በኢየሩሳሌም መቅደስም የጣዖት መሠዊያ እንዳቆመ ስነግራቸው ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። በሰንበት አንዋጋም ብለው በዋሻ ውስጥ ያለቁትን አንድ ሺህ የሚያህሉ ነፍሳት፣ ከዚያም ካህኑ ማታትያስ ሕይወትን ለማዳን በሰንበትም መከላከል እንደሚፈቀድ የወሰነበትን ክፍል ሳነብ ደግሞ፣ ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳን መንገድ ሰንበት ሲገባ እንጓዝ ወይስ እንቆይ በሚለው ጥያቄ የተጨነቁት ሰዎች ክርክሩን ራሳቸው ይይዙታል። በአንዱ ምሽት ሁለት አባቶች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ፕሮግራሙ ሳያልቅ ሰዓቱ አለፈ፤ አዘጋጆቹ ቅር ቢላቸውም ለእኔ ከምሽቶቹ ሁሉ የተሳካው ያ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የመጻሕፍት መምታታት ነው። ማታትያስና ልጆቹ መቃብያን ስለሚባሉ፣ አማርኛ አንባቢ የመቃብያን ታሪክ ሲባል በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ የሚገኙትን ሦስቱን መጽሐፈ መቃብያን ያወጣና ሐኑካን ይፈልግባቸዋል። አያገኘውም። በዚያ ውስጥ ያለው ባለ ታሪክ ከብንያም ነገድ ነው፤ ልጆቹ አብያ፣ ሲላና ፈንቶስ ይባላሉ፤ የሚያሳድዳቸውም ጺሩጻይዳን የተባለ ንጉሥ ነው። የሐኑካው ታሪክ የሚገኘው በግሪክኛ በቆዩት የመጀመሪያና የሁለተኛ መቃብያን መጻሕፍት ሲሆን፣ እዚያ ያሉት ከሌዊ ወገን የሆነው የሞዲዒኑ ማታትያስና አምስቱ ልጆቹ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ በአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልገቡም። አንዲት ማሰሮ ዘይት ስምንት ቀን እንደ በራች የሚናገረው ደግሞ ከእነሱ በብዙ ዘመን የሚያንሰው ታልሙድ የተባለው የረቢዎች ትምህርት መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው መቃብያን ስለ ስምንቱ ቀናት የሚሰጠው ምክንያት በጦርነቱ ጊዜ በተራራና በዋሻ ሆነው ሳያከብሩት የቀረውን የዳስ በዓል ማሰብ ነው። ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል፤ መጸለት የእነሱ በዓል ነውና።

ሐኑካን «የአይሁድ ገና» ማለት ይቅር፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የወቅቱ ብርድ ብቻ ነው።

በዓሉን ልጆችን መገሠጫ ማድረግም ስህተት ነው። የሐኑካ ታሪክ ስለ ባዕዳን ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ያሶን የሊቀ ካህናትነቱን ሹመት ከንጉሡ በገንዘብ ገዝቶ በኢየሩሳሌም የግሪኮችን ወግ የሚከተል የወጣቶች ማሠልጠኛ የሠራ አይሁዳዊ ነበር። ይህን የሰሙ አንዳንድ ተናጋሪዎች አማርኛ የረሳውን፣ ፀጉሩን እንዳሻው የተቆረጠውን፣ ከሽማግሌ ፊት ቁጭ ብሎ ስልክ የሚነካካውን ልጅ ሁሉ «ግሪክ» ብለው ይሰድቡታል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት ከማታትያስ የልጅ ልጅ ጀምሮ የድል አድራጊዎቹ ቤተሰብ ራሱ ሂርካኖስ፣ አርስጦቡሎስ፣ እስክንድር የሚል የግሪክ ስም እንደ ያዘ ባዩ ነበር። ስንቱን ከጎረቤት ተቀብሎ ስንቱን መተው እንደሚገባ ለማታትያስ ዘሮችም ቀላል አልነበረም፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በስድብ የሚፈታ ጥያቄም አይደለም።

በአበራሩ ላይ ያሉትን ስህተቶች ባጭሩ ልለፋቸው። ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ የመቅደሱ ነው፤ ለሐኑካ የሚያስፈልገው በአንድ ረድፍና በእኩል ከፍታ የተደረደሩ ስምንት መብራቶችና ከእነሱ ተለይቶ የሚቆም ሻማሽ የተባለ ዘጠነኛ ነው። ሻማዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይተከላሉ፤ ሲለኮሱ ግን በዕለቱ ከተጨመረው ተጀምሮ ከግራ ወደ ቀኝ ይኬዳል። በመጀመሪያው ሌሊት ሦስት ቡራኬ፣ በቀሩት ሁለት ነው። እናቶችን ወደ ማእድ ቤት ልኮ ወንዶችን ብቻ ማሰለፍ ከሕጉም ጋር አይስማማም፤ ታልሙድ ሴቶችም የተአምሩ ተካፋዮች ስለሆኑ ግዴታው እነሱንም እንደሚይዝ ይናገራል። ሱፍጋንያ የተባለውን በዘይት የተጠበሰ የበዓሉን ዳቦ በውድ ዋጋ መግዛት የግድ አይደለም፤ በዘይት የተጠበሰ ቦምቦሊኖም ያው ነው።

ቄሱን ጋብዞ ዝም ማሰኘት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። በሐኑካ ስምንቱንም ቀን ጠዋት ሃሌል ይጸለያል፤ ሃሌል ደግሞ ቄሶቻችን በግእዝ ከሚያውቁት ከመዝሙረ ዳዊት የተውጣጣ ነው። በምሽቱ ዝግጅትም ከእሱ ጥቂት እንዲያነቡ መጠየቅ መልካም ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የዕብራይስጡና የግእዙ አቈጣጠር ይለያያል። በዕብራይስጥ ከ113 እስከ 118 ያሉት የሃሌል መዝሙራት በግእዙ ዳዊት ከ112 እስከ 117 ናቸው፤ ስለ ቤት መመረቅ የሚናገረው የሐኑካ መዝሙርም በዕብራይስጥ 30፣ በግእዝ 29 ነው። አንድ ወጣት «113ን ያንብቡልን» ብሎ ቄሱ በግእዙ ቁጥር የእስራኤልን ከግብጽ መውጣት ሲጀምሩ «ተሳስተዋል» ብሎ አቋረጣቸው። ቄሱ መጽሐፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢለምናቸው አልተነሡም።

የመጨረሻው የዓርብ ጉዳይ ነው፤ ያልተዘጋጀ ቤተሰብ የሚጣላውም በዚህ ነው። በቤተ እስራኤል ወግ ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳት ሁሉ ይጠፋል፤ ኦሪት በሰንበት በማደሪያችሁ እሳት አታንድዱ ስለሚል በሰንበት ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር አይታይም። በረቢዎቹ ሥርዓት ግን የተከለከለው በሰንበት መለኮስ ነው፤ አስቀድሞ የተለኮሰው እየነደደ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በዓርብ ዕለት የሐኑካ መብራት ከሰንበት ሻማ ቀድሞ ይለኮሳል፤ ከዋክብት ከወጡ በኋላም ግማሽ ሰዓት መንደድ ይጠበቅበታል። ይህን ያልተነገራቸው አያት ሰንበት ገብቶ ዘጠኝ ነበልባል ማዕዳቸው ላይ ሲያዩ ቢቆጡ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። በ2019 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻማ የሚለኮሰው ዓርብ ኅዳር 25፣ ስምንተኛውም ዓርብ ታኅሣሥ 2 ቀን ስለሆነ ነገሩ ሁለት ጊዜ ይገጥመናል። በርካሽ የሚሸጡት ቀጫጭን ሻማዎች ለዓርብ አይበቁም፤ ረዘም ያሉትን ወይም የዘይት ፈትል ያዘጋጁ። መብራቱንም ከማዕዱ አርቃችሁ በመስኮት ላይ አድርጉት፤ ከሁሉ በፊት ግን በሳምንቱ መጀመሪያ ወደ አያታችሁ ሄዳችሁ ሥርዓቱን አስረዷቸውና የት ቢቀመጥ እንደሚሻላቸው ጠይቋቸው።